ለካርድ ክፍሉ መስኮት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለካርድ ክፍሉ መስኮት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ምኔን እንደሚያመኝ ስለማሳወቅ

ሰላምታዬ ይድረስህ። አዲስ አበባ ብንሆን «እርስዎ» እልህ ነበር። ድሬ ነን፤ እዚህ ሹሙንም አያታችንንም አንተ ነው የምንለው። ንቀት እንዳይመስልህ። እንዲያውም በዚህ ከተማ አንተን የሚያህል የተከበረ ነገር አላየሁም። ሰው ሁሉ ፊትህ ሲደርስ ከወገቡ ይታጠፋል።

ቁመትህ እምብርቴ ጋ ነው። የተሠራኸው ውስጥ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው እንጂ ውጭ ለቆመው እንዳልሆነ ይገባኛል። መስታወትህ ላይ ያለችው የድምፅ ቀዳዳ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ጉልበቱን ያመመው ሰው ጉልበቱን እንዳመመው ለማስመዝገብ መጀመሪያ ጉልበቱን ማጠፍ አለበት። ይህን የፈለሰፈው ሰው ጉልበቱ ደህና ነው።

ወደ ሰኞው ነገር ልግባ።

ሰኞ ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የወጣሁት፤ ባጃጁም እያዛጋ ነበር የሚነዳው። ፀሐይ ሳትከር ተራዬ እንዲደርስ ብዬ ነው። አልደረሰም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፊትህ ቀረብኩና ታጠፍኩ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ቀና ሳይል።

«እጄ ይደነዝዛል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ሌሊት ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል። ደረጃ ስወጣ ልቤ...»

«አንዱን ንገሪኝ።»

«አንዱ ምን እንደሆነ ብጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ጮክ በይ፣ አይሰማም!»

ጮህኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ግቢውን አቋርጦ እስከ በሩ ይደርሳል። እጄን ከሚደነዝዘኝ ጀምሮ ፀጉሬ እስከሚነቃቀለው ድረስ ሰልፉ በሙሉ ሰማ። ሠፈራችን ባጊያ የምትጠብሰዋ ልጅም እዚያ ነበረች። ማታ ጎረቤት ሁሉ ለጥየቃ ሲመጣ ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ደብተር ይዤ ነበር። ሐኪሜ የሚሰማኝን ሁሉ ከነሰዓቱ እንድጽፍ ነግሮኝ፣ ምንም ሳልዘል ጽፌያለሁ። ከምጮህ ይሻላል ብዬ ደብተሩን ከቀዳዳዋ ሥር ሸጎጥኩት። ልጁ በሁለት ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ።

«ድርሰት አናነብም።»

ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ሁሉም ነገር የሚያማት ሴትዮ ናት፤ የት ልበላት?» ጓደኛው ሻዩን እያማሰለ «ሁሉም ከሆነማ ሁሉንም ክፍል ትዙር!» አለው። ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «ካልሆነ አእምሮ ክፍል ላካት።» ሁለቱ ሳቁ። ሰልፉም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ኧረ አቦ ተዋት» አሉ፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለው ነበር።

(የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እሱም አብሮ መሳቅ ነበረበት?)

በመጨረሻ ካርዴ ላይ ጻፈና ወረወረልኝ። «ልዩ ልዩ» ይላል።

የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ልዩ ልዩን በደንብ አውቀዋለሁ። ደረሰኙ የጠፋ ወጪ፣ ማን እንዳዘዘው የማይታወቅ ግዢ፣ የምናፍርበት ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገልጠውም እሱን ገጽ ነው። የእኔን ግን ማንም አልገለጠውም። ልዩ ልዩ የተጻፈበት ካርድ የት እንደሚሄድ ተላላኪዋም አላወቀችም፤ ቀዶ ሕክምና በር ላይ አስቀመጠችኝ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ስሜ ተጠራ። የጠራኝ ሰው ቁስሌን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ቁስል የለኝም። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ደህና ጥያቄ እሱ ነው። ወደ አንተ ስመለስ መጋረጃህ ወርዶ ነበር። ምሳ።

አንተ የምትወደው ትኩሳትን ነው፤ ይገባኛል። «ትኩሳት» ብልህ ኖሮ ወዲያው ላቦራቶሪ ትሰደኝ ነበር፤ የድሬ ሰው ትኩሳት ብዙ መልስ አለውና። በ2006 ደንጊ ገባ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ቤት ለቤት ዞረ፤ ጎረምሳው ሁሉ ወገቡን ይዞ ይሄድ ነበር። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ ተነሳ፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትፈለፈል፣ ከተማ የለመደች አዲስ ትንኝ መጥታለች ተባለ። ውኃ በየተራ የሚመጣበት ከተማ በርሜል ሳይሞላ ምን ሊያደርግ ነበር? ብቻ ትኩሳት ያለበት ሰው ወገን አለው። እኔ ትኩሳት የለኝም። ደም ለምርመራ ስሰጥ «ትንሽ ታይፎይድ አለሽ» እባላለሁ፤ ትንሽ ታይፎይድ የሌለበት ሰው አገሩ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። ያ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለበሽታው ያዘጋጀውን መከላከያ ነው፤ ድሮ ታመሽ የተረፈውንም ያሳያል። መድኃኒቱን ግን ዘንድሮ እንደታመመ ሰው ዋጥኩ። ጣቴ አሁንም አልታጠፍ ይላል።

ሌሎቹ ክሶቼ አጭር ናቸው። ካርዴን አጥፍተህ በአዲስ ስም ከፍተህልኛል፤ የአባቴን ስም ከፊቴ በነበረው ሰው አባት ስም ለውጠሃል። ወንድሞችህን፣ የገንዘብ መክፈያውንና የጤና መድህኑን መስኮት፣ ሰላም በልልኝ፤ እነሱም እምብርቴ ጋ ናቸው። «ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) የለም፣ ውጭ አሠሪ» ያላችሁኝን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጫለሁ። ሐረር ማሽን አለ ተብዬ በሪፈር የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ ባለሙያው ዕረፍት ላይ ነው ተብዬ ደንገጎን ወርጃለሁ። «ጫት ትቅሚያለሽ?» የተባልኩትንስ ተወው። ይህን ጥያቄ ድሬ ውስጥ መጠየቅ ውኃ ትጠጫለሽ እንደማለት ነው።

«ብርድ ነው» ያሉኝን ግን አልተውም። ግንቦት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ዛፍ በሚሮጥበት ቀን፣ አንዱ ነጭ ጋውን ለብሶ «ብርድ መትቶሽ ነው» አለኝ። ከየት? ከዘመድ ቤት ፍሪጅ?

የሰኞው ነገር ግን በእኔ አላበቃም። ከእኔ ቀጥሎ የነበረችውን እናት አታስታውሳት ይሆናል። ከገጠር ነው የመጣችው፤ አማርኛ አትችልም። አንተ ዘንድ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ሻይ ወጥቶ ይሁን ተዛውሮ አላውቅም። የልጅ ልጇ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል፣ በመካከላችሁ ቆሞ ያስተረጉማል። «ምኗን ነው?» ትለዋለህ። ልጁ ይጠይቃታል። እሷ ልጁን አየች። ከዚያ ከኋላዋ የተደረደሩትን ወንዶች አየች። «ራሴን» አለች። ልጁም «ራሷን ነው» አለህ። ራስ ምታት ብለህ ጻፍክ፤ እሷን ለመላክ በጣም ፈጣን ነበርክ።

በኋላ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጁ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ በኦሮምኛ ነገረችኝ። የወር አበባዋ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ደሙ ግን ተመልሶ መጥቷል። ከወር በላይ ሆኖታል፤ እየበዛም ነው። በዚያ ዕድሜ የሚመጣ ደም የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። እሷ በእጇ የያዘችው ፓራሲታሞል ነው። ማህፀን ክፍል ድረስ ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ ያለችው ነርስ ካርዱን አይታ «ራስ ምታት ነው የሚለው፤ መስኮቱ ያስተካክል» አለችን። ምሳ ሰዓት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆመን አስተካከልን፤ በሚቀጥለው ቀን ተመለሱ ተባለ። መኪናቸው የሚነሳው ግን ያን ቀን ማታ ነው። መመለስ አለመመለሷን አላውቅም።

ምን ብላ መናገር ነበረባት? ስለ ማህፀኗ ጮክ ብላ፣ በልጅ ልጇ አፍ፣ የማታውቃቸው ወንዶች ጆሮ ላይ? ከራስህ በላይ በቀይ ጽሑፍ «የታካሚ ምስጢር የተጠበቀ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማን ነው የጠበቀው? አንድ በር ያላት ክፍልና አንዲት ነርስ፣ ሰውን ለብቻው አስገብታ የምትጠይቅ፤ ይኼ የሕዋ መንኮራኩር ነው? ግቢው ውስጥ የተሰበረ ወንበር የታጨቀባቸውን ክፍሎች ቆጥሬያለሁ። በወረፋ ጊዜ ሌላ ሥራ የለኝም።

ስለ እኔ ከጠየቅክ፣ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ከአንተ ወዲያ ያለው ወጣት ሐኪም ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቧል። ታይሮይዱንና ስኳሩን አስመረመረኝ፤ ደህና ናቸው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ጥቂት ዝቅ ብሏል፤ ለእጅ መደንዘዙ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል አለኝ፤ መርፌ ጀምሬያለሁ። የጣቴና የፀጉሬ ነገር ግን በእሱ አልተመለሰም። ሉፐስ የሚባል በሽታ አለ፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት፤ አንድ ሰሞን ተነስቶ አንድ ሰሞን የሚተኛ። እሱን ለማየት ደሜ አዲስ አበባ ተልኳል። ከ2011 የተረፈ የቺኩንጉንያ መገጣጠሚያ ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ይቆያል አለኝ። ከዚያ «እስካሁን አላወቅነውም» አለ። «አላወቅነውም ማለት ግን የለብሽም ማለት አይደለም።» ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ሐኪሙ ሰባት ዓመት ተምሮ ገና አላወቅኩም ይላል፤ አንተ ግን ገና ካርድ ሳልይዝ ቁርጡን ንገሪኝ ትላለህ።

መጠበቁን ለምጄዋለሁ ብልህ ውሸት ነው። መሥሪያ ቤት «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ሲሉኝ የምሰጣቸው ስም የለኝም። ስም የሌለው በሽታ የሐኪም ፈቃድም አያስገኝም፤ ቅጹ ላይ «የሕመሙ ዓይነት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። አለቃዬ ቦታውን ባዶ ሲያየው እኔን ነው የሚያየኝ። እማዬ ፀበል ትላለች፤ ጎረቤቴ ጥቁር አዝሙድ በማር ትላለች፤ አክስቴ ዓይን ነው ብላ ጨርሳለች። ሦስቱንም አድርጌያለሁ፤ ማሩ ጥሩ ነበር።

አሁን ከሰልፈኛ ጋር መክሬ ዘዴ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊትህ ታጥፌ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለው። ስኳር። ስኳር ያለ ሰው በቀጥታ ውስጥ ደዌ ነው የሚላከው፤ የእኔ ሐኪም ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ሐሰት ነው። አንተ ግን የምትመዘግበው እውነት አይደለም፤ አጭር ነገር ነው። እዚያ ያለው ልጅ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን ሲለካው ደህና ይሆናል፤ ይደነቅ።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ካርዴን አታጥፋው።

ከሰላምታ ጋር፣
የካርድ ቁጥር፦ አዲሱም አሮጌውም

ግልባጭ፦
ለገንዘብ መክፈያው መስኮት፤
ከራስህ በላይ ለተለጠፈው ወረቀት፤
ለጉልበቴ፤ ሐሙስ እንዲዘጋጅ።