ክብር ለብረቱ

የተማረከን መድፍ በአደባባይ አቁሞ መታሰቢያ በማድረግ ረገድ ያሳየነው ዕድገት ሊደነቅ ይገባዋል። አያቶቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከጣሊያን 56 መድፍ ሲማርኩ ከማን፣ የት፣ በእነማን ብርታት ተማረከ የሚለውን ዝርዝር ሁሉ ይዘው ኖሩ፤ ጦራቸውን ከሐረር አስከትለው የዘመቱት ራስ መኮንን ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በዚህ ልማድ ምክንያት ነው። እኛ ሥራውን አቅልለነዋል። ከሶማሊያ ጦር የተማረከውን መድፍ ድሬዳዋ ላይ እናቆማለን፤ ጽሑፉን እንተወዋለን።

ይህን ስንፍና የሚለው ሰው ጥቅሙ አልገባውም። ሰሌዳው ላይ «በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ታግዞ ድሬዳዋን ለመያዝ በመጣ ጊዜ ከተማዋን ያዳኑት» ተብሎ ቢጀመር፣ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ስም መፈለግ ግድ ሊሆን ነው፤ ስም ከተፈለገ ደግሞ ያ ሞፈሩን ጥሎ የመጣው ሚሊሺያ የት እንደ ተቀበረ፣ ባለቤቱስ ከዚያ ወዲህ በምን እንደ ኖረች የሚጠይቅ አይጠፋም። መድፍ ጡረታ አይጠይቅም። ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢባልም ቅር አይለውም።

ዝምታው ከሌላም ጣጣ ያድነናል። የሶማሊያ ጦር በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀ ነበር፤ ያችው ሶቪየት ኅብረት በ1970 ዓ.ም. ፊቷን አዙራ ለእኛ በአየርና በባሕር መሣሪያ አጎረፈችልን፤ እናም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲበሠር ማራኪውም ተማራኪውም ደንበኝነታቸው ለአንድ ነጋዴ ነበር። ይህ በሰሌዳ ቢጻፍ ልጆች አስቸጋሪ ጥያቄ ሊጠይቁ ይችላሉ። አሁን ግን አፈሙዙ ላይ ተፈናጥጠው ፎቶ ይነሣሉ፤ ይኸው ታሪክ ተማሩ።

እንክብካቤውንስ ማን ይስተዋል! ዓመቱን ሙሉ በመድፉ ጥላ በርጫ ይያዝበታል፣ ገራባው ጎማው ሥር ይከመርበታል (በድሬዳዋ ፀሐይ ጥላ የሚሰጥ ነገር ሁሉ መቼም የተከበረ ነው)፤ የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ ግን ኮሚቴ ይቋቋምና ዝገቱ ሳይፋቅ፣ አቧራው ሳይጠረግ፣ በላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይለቀለቃል። በየዓመቱ እንዲህ እየተደረበ ሲሄድ በብረቱ ላይ ተቀርጾ የመጣው የፋብሪካ ቁጥር ሳይቀር ይደፈናል፤ በመድፉ ላይ የቀረው ብቸኛ ጽሑፍ ደግሞ እሱ ነበር።

በማግስቱ ንግግር ይደረጋል፣ አበባ ይቀመጣል፣ ባለሥልጣናቱ ከመድፉ ፊት ይደረደራሉ። ሜዳሊያቸውን ደርድረው በከዘራ ተደግፈው የመጡት የዚያን ዘመን ዘማችም «አባባ፣ መድፉን ጋረዱብን፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» ተብለው በትሕትና ይጠየቃሉ።