አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ይሸነሸናል

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን አጎቴ ደወለ። «ቶሎ ና፤ ችካል ሊቸከል ነው» አለኝ። ድንኳን መስሎኝ ነበር። ጥር ነው፣ ሰርግ ይበዛል።

ባጃጅ ይዤ አባይን በአዲሱ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ዘንዘልማ ወጣሁ። ድንኳን የለም። ጌሾው መሃል ሦስት ሰዎች ገመድ ይጎትታሉ። የገመዱ አንድ ጫፍ ማንጎው ላይ ታስሯል። ሌላውን ጫፍ አንድ ጎረምሳ በእግሩ ረግጦ ስልክ ያወራል። ደላላው የባሕር ዛፍ ችካል በድንጋይ ይመታል። አንዱ ችካል ጌሾ ግንድ ላይ አረፈ። «ይሄ ይነቀላል» አለ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም።

ሁለት ጥማድ መሬት፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ፣ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ ተሸንሽኖ አለቀ። ባለ 200 ካሬ 20 ቦታ ወጣው። የተረፈው መንገድ ነው ተባለ። መንገዱን በእርምጃ ለካሁት። አራት እርምጃ። ባጃጅ ይገባል። ሌላ ባጃጅ ከፊት ከመጣ ግን አንዱ የኋሊት መውጣት አለበት።

«እሳት ቢነሳስ?» አልኩ።

ደላላው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጋሼ፣ ከውጭ ነው የመጡት አይደል?»

አዎ፣ ከውጭ ነው። የምኖረው አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። እዚያ ከከተማ ወጣ ብሎ ከብት የሚያረባ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አጥር እሠራለት ነበር። 70 ሄክታር አለው። መሬቱ የራሱ ነው። ቢፈልግ ይሸጠዋል፣ ቢፈልግ ያወርሰዋል። ጉልበቱ ሲደክም ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ልሽጥ አለ። አይቻልም ተባለ። የእርሻ መሬት ሲከፈል፣ የአካባቢው ደንብ ሌላ ቁጥር ካላስቀመጠ በቀር፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ቢያንስ 40 ሄክታር መሆን አለበት። 40 ሄክታር በኛ ወደ 160 ጥማድ ነው። ቁራሹ ማለቴ ነው! የአጎቴ ጎረቤቶች መሬታቸውን በሙሉ ቢያዋጡ አንዲት ቁራሽ መሙላታቸውን እጠራጠራለሁ።

ሽማግሌው ምሳ ላይ ይበግናል። በገንዘቤ በገዛሁት፣ ግብር በምከፍልበት መሬት ማን ነው የሚያዘኝ ይላል። መልሱ አጭር ነው። እርሻ እየተቆራረጠ መኖሪያ ሰፈር እንዳይሆን ነው። ቢፈቀድለት እንኳ ጣጣው አያልቅም። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይምጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ይየው። ጎረቤት ይወቅ፤ ካልመሰለው ይቃወም። ውሃው ከየት ይመጣል? የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ ይዞራል? የሽንት ቤቱን ፍሳሽ አፈሩ ይችለዋል? ለሽንት ቤት ተብሎ አፈር ይመረመራል! ያን ቀን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ዘንዘልማ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። አጎቴ ጌሾውን የሚያጠጣው እዚያው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ውሃው ቅርብ ነው፤ ጣና እኮ እዚህ ታች ነው። አሁን 200 ካሬ ማለት 10 በ20 ነው። 20 አባወራ ገብቶ ሃያውም ሽንት ቤት ሊቆፍር ነው። ከሃያው ስንቱ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ እንደሚጨምር እግዜር ይወቅ። የአንዱ ሽንት ቤት ከሌላው የውሃ ጉድጓድ በአጥር ብቻ ሊለይ ነው። ፍሳሹ ወዴት ይሂድ? እኛ ደግሞ እምቦጭ በዛ ብለን በዘመቻ እንነቅላለን። ምን እየበላ እንደሚፋፋ አንጠይቅም።

ይህን ለአጎቴ ልነግረው ጀመርኩ። እሱ የራሱ ሂሳብ አለው። «ከተማው እየመጣ ነው። ድልድዩን አላየህም?» አለኝ። ከተማው ሲደርስ ካሳ ይከፈለዋል። በ2011 በወጣው አዋጅ 1161 መሠረት ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ፣ ምትክ መሬት ካልተገኘለት፣ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የተሻለው ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው የሚሰጠው። የሚቆጠረው ጌሾውና ማንጎው ነው እንጂ መሬቱ አይደለም። ደላላው ደግሞ የሚቆጥረው መሬቱን ነው። «ሦስቱ ልጆቼ ከ1989ኙ የመሬት ድልድል ወዲህ ነው የተወለዱ። መሬት የላቸውም። ሁለት ጥማድ ለሦስት ብከፍላት ማንን ታጠግባለች? ከተማው ሳይደርስ እኛ እንብላት» አለ። መልስ አጣሁ። አሁንም የለኝም።

መቼም «መሬት አይሸጥም አይለወጥም» ሲባል ሳትሰሙ አላደጋችሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ጽፎታል። አጎቴም ሕግ አክባሪ ነው፤ አልሸጠም። ተበደረ። ከ20 ሰው 20 ጊዜ ተበደረ። በወረቀቱ ላይ መሬት የሚል ቃል የለም። ብር አለ፣ የሚመለስበት ቀን አለ፣ ሦስት ምስክር አለ። አንዱ ምስክር ያ ገመድ ረግጦ ስልክ ሲያወራ የነበረው ጎረምሳ ነው።

የይዞታ ደብተሩ ላይ የአጎቴና የሚስቱ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እሷ ቡና ይዛ ስትመጣ ችካሎቹን አየች። ጌሾው የሷ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ወስዳ የምትሸጠው፣ ለልጆቹ ደብተር የምትገዛበት። «ማነው የነቀለው?» አለች። ማንም አልመለሰም። ቀስ ብዬ ደላላውን፣ የሷ ፊርማስ አልኩት። «ለብድር የሚስት ፊርማ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብሄድ ጥሩ ነበር። አልሄድኩም። አጎቴ እጄን ይዞ ወደ ማሳው ዳር ወሰደኝ። «ይቺ ያባትህ አውድማ የነበረች ናት። ለሰው አልሰጥም ብዬ ይዤልሃለሁ፤ በቤተሰብ ዋጋ።» የቤተሰብ ዋጋ ከሌላው ዋጋ በምን እንደሚለይ እስካሁን አልገባኝም። ደላላው ካንተማ ኮሚሽን አልወስድም ብሎኝ ነበር። ወሰደ።

አዎ፣ ገዛሁ። ስለ አፈር ምርመራ ስለፈልፍ የዋልኩት ሰውዬ ገዛሁ። ይቅርታ፣ አበደርኩ። አጎቴ ብሬን እስከ ሰኔ 30 ሊመልስልኝ ፈርሟል። ነገ ከተማው ቢመጣ፣ ወይም ከአጎቴ ልጆች አንዱ ቢያኮርፍ፣ በእጄ ያለው የገዛ አጎቴ ዕዳ ነው። ያባቴ አውድማ ወረቀቱ ላይ የለችም። ለዚያ ለአውስትራሊያው ሽማግሌ ይህን ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልነገርኩትም።

ሐምሌ ላይ አጎቴ ደወለ። «የብድሩ ቀን አለፈ ልጄ፤ ልትከሰኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጎርፍ ችካሎቹን ወስዷቸዋል። ከጎኔ የገዛው ሰው በሌሊት ቆርቆሮ አጥር አቁሟል፤ ወደኔ የገባ ይመስላል። «ያንተ ወሰን የቱ ጋ እንደነበር ታስታውሳለህ?»

«ከማንጎው ስድስት እርምጃ ወደ ጣና» አልኩት።

«ማንጎውማ ተቆረጠ» አለኝ።