የጣናው ጉማሬ «ሰው አይነካም» ለተባለው

ወንድሜ፣ የባሕር ዳር የጀልባ ጉዞህን በደስታ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ላርምህ። «ጉማሬ ሳር በል ነው፣ ሰው አይነካም፤ ባለጀልባው ዝም ብሎ ፈርቶ ራቀብን» ብለሃል።

ሳር በል መሆኑስ ልክ ነው። ማታ ከውሃ ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ሳር ይግጣል። የሚግጠው ግን በከንፈሩ ነው። እነዚያ ግማሽ ሜትር የሚደርሱት ክራንቻዎች ለሳር አይደሉም፤ ለጠብ ናቸው። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ያለ ወንድ ጉማሬ ውሃውን እንደ ግቢው ነው የሚቆጥረው። «ሲያዛጋ» ብለህ የለጠፍከው ፎቶም አብዛኛውን ጊዜ ማዛጋት ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው። «ዞር በል» ነው ነገሩ። ግልገል የያዘች እናትማ ጭራሽ አትቀረብም።

ደግሞ ጉማሬ እንደ ዳክዬ አይንሳፈፍም። ሰውነቱ ከባድ ስለሆነ ከታች መሬቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። አየር ሳይስብ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ስለዚህ «ጠፋ እኮ!» ስትሉ እናንተው ስር ሊሆን ይችላል። በሞተር ጀልባ እንዲህ ከሆነ፣ በደንገል ታንኳ ለሚቀዝፈው ሰው አስበው።

እኔም ድሮ «ትንሽ ጠጋ በልልን» እያልኩ ባለጀልባውን ስነዘንዝ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያንተው ሰውዬ ሞተሩን ቀንሶ የራቀው ስራውን ስለሚያውቅ ነው። በሚቀጥለው ባይኖኩላር ያዝ፤ ፔሊካኖቹንም በደንብ ታያቸዋለህ።