የጎረቤትን አማፂ ማስታጠቅ ድንበራችንን አስከብሮልናል?

ይህን ክርክር ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተለዋውጠውታል። አንደኛው በ1969 ዓ.ም. ከመንዝ ተነሥተው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ የዘመቱ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ናቸው። ሌላዋ ወጣት የታሪክ መምህርት ናት። ካራማራ ላይ ከተገኘው ድል ጀምሮ እስከ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንዳቸው የሌላውን አማፂ አስጠልለው፣ አስታጥቀው፣ ድንበር እያሻገሩ አዋግተዋል። የኢትዮጵያ አድራጎት ልክ ነበር ወይ? መቶ አለቃው ልክ ነበር ይላሉ፤ መምህርቷ አልነበረም ትላለች። ተራቸውን ጠብቀው የጻፉት በመጀመሪያው ዙር ብቻ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

መቶ አለቃው፦

ማን ጀመረ ከሚለው እንነሣ። የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር የተባለው ድርጅት መሣሪያውንም አዛዡንም ከሞቃዲሾ እየተቀበለ ኦጋዴንን መውጋት የጀመረው መደበኛ ጦር ከመምጣቱ በፊት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ያጠቃል፣ መንገድ ላይ ፈንጂ ይቀብራል፣ ሲነጋ ድንበር ተሻግሮ ይገባል። በ1969 ዓ.ም. ድልድይ አፍርሶ የጅቡቲን ባቡር አስቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ሲገባ እንኳ የዚያድ ባሬ መንግሥት የሚዋጉት ነፃ አውጪዎች እንጂ የእኔ ወታደሮች አይደሉም ብሎ ይከራከር ነበር። ጅጅጋ መስከረም 1970 ወደቀች። የካቲት 26 ቀን ከኩባውያን ጋር ሆነን መልሰን ገባንባት።

ብዙ ሰው ጦርነቱ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል። በየዓመቱ የካቲት 26 ሲከበር የምሰማው ንግግርም ካራማራ ላይ ይቆማል። እኛ ግን ገና ነበርን። የሶማሊያ መንግሥት ጦሬን አወጣሁ ካለ በኋላም አማፂው ከድንበር ማዶ እየተመላለሰ ይወጋን ነበር። ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡር ስንቅ ስናጅብ የኡራሉን፣ የጭነት መኪናውን፣ ወለል በአሸዋ ከረጢት እንሞላዋለን፤ ፈንጂው ጎማ ሲወስድ እግር አብሮ እንዳይሄድ። የኋለኛው መኪና የፊተኛው የረገጠውን የጎማ ፈለግ ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩ በር አይዘጋም፤ ቢፈነዳ ተወርውሮ ለመውጣት እንዲመቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ድንበር አልፈን ሞቃዲሾ እንግባ? ሶቪየቶቹ አይፈቅዱም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ሐምሌ 1956 ካይሮ ላይ፣ አገሮች ነፃ ሲወጡ የነበራቸው ወሰን ይከበር ብሎ ያጸደቀው ለእኛ የሚበጅ ውሳኔ ነው፤ እኛው ራሳችን ልናፈርሰው አይገባም። ወይስ ተቀምጠን ፈንጂ እንቁጠር? በሚያዝያ 1970 የሶማሊያ መኮንኖች ዚያድ ባሬን ሊገለብጡ ሞክረው ከሸፈባቸው። ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ሸሽቶ በመጨረሻ እኛ ዘንድ ገባ። ተቀበልነው፣ ሰዎቹን አስታጠቅን፣ ሬዲዮም ሰጠናቸው። በ1974 ክረምት አብረን የድንበር ከተሞቹን ባላንባሌንና ገልዶጎብን ያዝን። ከዚያ ወዲያ ዚያድ ባሬ የሚጨነቀው ስለ ሐረር ሳይሆን ስለ ራሱ ወንበር ሆነ። ያኔም ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ማን ጀመረ በሚለው አልከራከርዎትም። የእኔ ጥያቄ የትኛውን ወሰን ነው ስናስከብር የነበረው የሚል ነው።

ከሶማሌዎች ጋር የሚያዋስነን አንድ መስመር አይደለም፤ ሁለት ነው። በሰሜን በኩል፣ እንግሊዝ ይዞት ከነበረው ግዛት ጋር ያለውን መስመር በ1889 ዓ.ም. ሐረር ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬነል ሮድ ጋር ተደራድረው የተዋዋሉት ራስ መኰንን ናቸው፤ አንኮበር አጠገብ ደረፎ ማርያም የተወለዱት የእኛው አገር ሰው። ያ መስመር በኋላ የሁለቱ መንግሥታት ኮሚሽን መሬት ላይ ወርዶ ምልክት ተክሎበታል። በደቡብ በኩል፣ ጣሊያን ይዞት ከነበረው ጋር ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በዚያው በ1889 ምኒልክ ለጣሊያኑ መልእክተኛ ለኔራዚኒ መስመሩን ያመለከቱበት ካርታ ጠፋ። በ1900 ዓ.ም. ሌላ ውል ተፈረመ፤ መሬት ላይ የተሰመረው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። ኅዳር 1927 ወልወል ላይ ደም የፈሰሰው በዚህ ባልተሰመረው በኩል ነው። በ1942 ዓ.ም. እንግሊዝ አካባቢውን ለጣሊያን ሞግዚትነት ሲያስረክብ ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር አሰመረ። ተባበሩት መንግሥታት ተደራደሩ አለ፣ ሽምግልና ተሞከረ፣ አልሆነም። ሶማሊያ በ1952 ነፃ ስትወጣ ያ "ጊዜያዊ" መስመር እንዳለ ነበር። እስከ ዛሬም እንዳለ ነው።

ባላንባሌና ገልዶጎብ የት ናቸው? በዚሁ ባልተሰመረው በኩል። እርስዎ አብረን ያዝናቸው አሉ። አማፂዎቹ ነፃ ያወጣናቸው የሶማሊያ ከተሞች ናቸው አሉ፤ የደርግ መንግሥት የኢትዮጵያ መሬት ናቸው አለ። አብዱላሂ ዩሱፍ በዚህ ተጣልቶ በ1978 ዓ.ም. መባቻ ገደማ እኛው እስር ቤት ገባ፤ ደርግ እስኪወድቅ ድረስም አልወጣም። ይህ ሰው በ1997 ዓ.ም. የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የእኛን ቆይታውን እንዴት እንዳስታወሰው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ዚያድ ባሬስ ተዳከመ? በ1974 ክረምት አሜሪካ መሣሪያ በአውሮፕላን አቀረበችለት። ሲጠላው የኖረው ሕዝብም ሐበሻ መሬታችንን ያዘ ሲባል ለጊዜውም ቢሆን ከጎኑ ቆመ። ሊወድቅ የደረሰን ሰው ደግፈን አቆምነው።

መቶ አለቃው፦

አብዱላሂ ዩሱፍን ያሰረው የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጠባይ ነው፤ ያን ከመንገዱ ጋር አታደባልቂብኝ ልጄ። መንግሥቱ የራሱንም ጄኔራሎች ፈጅቷል።

ደግሞስ ስለ ሌላው አማፂ፣ በሰሜን ሶማሊያ ዚያድ ባሬን ይወጋ ስለ ነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ ለምን ዝም አልሽ? እነሱ ለንደን ላይ ተመሥርተው ወደ እኛ የመጡት ሀርጌሳ ላይ ሐኪሙና መምህሩ ስለ ታሰረ ነው። ቅሬታውን እኛ አልፈጠርንላቸውም። ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ከእኛ መሬት ተነሥተው በርበራ አጠገብ ያለውን የመንዴራ እስር ቤት ሰብረው የፖለቲካ እስረኞችን አስፈቱ። መምህርት ነሽ፤ መምህራን የታሰሩበት አገር ላይ እስር ቤት የሚሰብር ሰው ቢመጣ መሣሪያ ትነፍጊዋለሽ?

መምህርቷ፦

አልነፍገውም ይሆናል። ግን ከሰጠሁት በኋላ አልሸጠውም።

መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ወደቀ። ደርግ ለሰሜኑ ጦር ያስፈልገው ስለ ነበር ወዲያው ከዚያድ ባሬ ጋር ተፈራረመ። ጦር ከድንበር ይራቅ፣ እስረኛ ይለቀቅ፣ አማፂ መርዳት ይቁም፤ የወሰኑ ጉዳይ ግን ይቆይ። ስድስት ዓመት እኛ መሬት ላይ የኖሩት የንቅናቄው ተዋጊዎች የሚሄዱበት አጡ። ግንቦት 19 ቡርዖ ገቡ፣ ግንቦት 23 ሀርጌሳ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሀርጌሳ ማረፊያ ተነሥተው ያችኑ ሀርጌሳን ይደበድቡ ጀመር። ነጂው ከከተማው ጥግ ተነሥቶ፣ በደቂቃ ውስጥ ቦምቡን ጥሎ፣ ሌላ ሊጭን እዚያው ያርፋል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየሸሸ ወደ እኛ ገባ፤ ሐርቲሼክ ያኔ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ይህ ነው እንግዲህ የአማፂ ፖለቲካ መጨረሻው። የወሰኑ መስመር ጋ ስንመለስ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም።

እኛ አገር ሁለት ገበሬ በወሰን ሲጣላ ሽማግሌ ተጠርቶ ድንጋይ ይተከላል እንጂ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ በአባቱ ላይ አያስሸፍትም። ቢያስሸፍተውም መሬቱ ከክርክር አይወጣም።

መቶ አለቃው፦

ደግ አመጣሽው! ያንን ስምምነት ማን አስፈረመው? ዚያድ ባሬ መጀመሪያ የኦጋዴን ነገር ካላለቀ አልነጋገርም ሲል ስንት ዓመት ኖረ። በ1978 ጅቡቲ ላይ ከመንግሥቱ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝም ያው ነበር። በ1980 ያንን ትቶ የፈረመው ስላማረው አይደለም። በሰሜን በኩል የንቅናቄው ሰዎች አላስቀምጥ ስላሉት ነው። መሸጥ አልሽው፤ እኔ መለወጥ እለዋለሁ። የተለወጠውም በሰው ነው። ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ምርኮኛ ከሶማሊያ እስር ቤት ወጣ። የአየር ኃይሉ ለገሠ ተፈራ አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ በዚያ ነው የገባው። ከእኛ ከመንዝም የገባ አለ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ነሐሴ 1980 ቀይ መስቀል ካመጣቸው ጋር ነው የመጣው። ተዝካሩ ተበልቷል፣ መሬቱን የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጥቶበታል። በእግሩ መሐል ሜዳ ሲገባ ሴቶቹ በጩኸት አገሩን አናወጡት። ለእሱ ሂጂና ንቅናቄውን ማስታጠቅ ምንም አላመጣም በዪው።

(መምህርቷ ለዚህ መልስ ለመስጠት ዘግይታለች። መቶ አለቃው የበረቱበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። — አዘጋጁ)

መምህርቷ፦

ለእሱ አልለውም። ለእርስዎ ግን እላለሁ፤ ሰውየው የታሰረው ለአሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አማፂ እናስታጥቅ በነበርንባቸው ዓመታት ሁሉ አልተፈታም። የተፈታው ስናቆም ነው።

ደግሞ ያ መለወጫ በእኛ እጅ ብቻ አልነበረም። ሻዕቢያና ወያኔ ሞቃዲሾ ቢሮ ነበራቸው፤ መሪዎቻቸው በሶማሊያ ፓስፖርት ይጓዙ ነበር። ዚያድ ባሬም እንደ እርስዎ ነበር የሚያስበው፤ አዲስ አበባ በኤርትራና በትግራይ ከተወጠረ ኦጋዴን ይላላል ብሎ። ውጤቱ ይታወቃል። እሱ ጥር 1983 ከሞቃዲሾ ሸሸ፣ መንግሥቱ በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ከአዲስ አበባ። አራት ወር አይሞላም። እያንዳንዱን የጣለው ሌላው ሲቀልበው የኖረው አማፂ ነው፤ ብቻውን ነው አልልም፣ ግን ነው። ሁለት መንግሥት ፈርሶ ያ ጊዜያዊ መስመር ጊዜያዊ እንደ ሆነ ቀረ።

ሁለቱን መስመሮች አስተያዩልኝ። ራስ መኰንን የተዋዋሉት፣ ኮሚሽን ያሰመረው፣ ከሀርጌሳ ጋር የሚያዋስነን መስመር ዛሬ ንግድ የሚያልፍበት ነው። ድንበሩ ላይ ባለችው ቶጎ ውጫሌ ገመድ ተዘርግቶ መኪና ይፈተሻል፣ ሰው ይሻገራል። በብዕር የተሠራው እሱ ነው።

መቶ አለቃው፦

በብዕር? ሬነል ሮድ ሐረር የመጣው በ1889 ነው አላልሽም? አድዋ መቼ ነው? የካቲት 1888። እንግሊዝ ራስ መኰንን ፊት ተቀምጦ በወሰን የተደራደረው አምና ጣሊያን ምን እንደ ደረሰበት ስላየ ነው። ራስ መኰንን ራሳቸው ከአድዋ የተመለሱ የጦር አዛዥ ናቸው። ያ ብዕር የተነከረው በየትኛው ቀለም እንደ ሆነ ደረፎ ሄደሽ ጠይቂ።

መምህርቷ፦

አድዋ የዘመተው የራሳችን ጦር ነው ጋሼ። የጣሊያንን ሸፋች ገዝተን ሮማ አልላክንም።

መቶ አለቃው፦

የምንገዛው ቢገኝ ምኒልክ የሚተውት ይመስልሻል? የወልወሉን ደግሞ ዘለልሽው። ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወሰድነው፤ ብዕሩም ወረቀቱም በእጃችን ነበር፣ በዓመቱ ጣሊያን ገባ። እሱን መልሺልኝና እንቀጥላለን።