ካርቶኑስ?

ታዝዞ ሲመጣ መንገድ ላይ የተሰበረ ዕቃ ፎቶ ለሻጩ ይላካል። ስብርባሪው ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ፣ ብርሃን ተመርጦለት፣ የሰርግ አልበም ይመስላል። «ካርቶኑስ?» ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ቤት አጣበበ፣ ጣልነው።» ምስክሩን አባሮ ሟቹን ብቻ ተሸክሞ ችሎት መቅረብ ይሏል ይህ ነው።

ካርቶን እኮ ይናገራል። የተጨፈለቀ ማዕዘን መውደቁን፣ የተበሳ ጎን በፎርክሊፍት መወጋቱን፣ ያበጠ ግድግዳ ውሃ መጠጣቱን ያሳብቃል። ካርቶኑ ሳይነካ ውስጡ ከደቀቀ ደግሞ ጣት ወደ አስተሻሸጉ ይዞራል። በዕቃውና በካርቶኑ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ መከታ ነበረው? ሲነቀነቅ ይንኳኳ ነበር? «ተሰባሪ» የሚል ቀይ ወረቀት መለጠፍ ማሸግ የሚመስላቸው ሻጮች አሉ። ጥቅል የሚለየው ማሽን የሚያነበው ባርኮድ ነው፤ ልመና አያነብም።

ምስክሩ ከጠፋ በኋላ የሚሆነውን አበው ቀድመው ጨርሰውታል፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ተረቱን አለቃውን ፈርቶ ምንዝሩን ለሚቆጣ ስንጠቅሰው ኖርን እንጂ፣ ስለ ጭነት መሆኑን ማን ልብ አለ? አጓጓዡን ለመጠየቅ ቅጽ መሙላት፣ ደረሰኝ መፈለግ፣ መጠበቅ አለ። ስለዚህ ገዢ ሻጩን «አጭበርባሪ» ይላል፣ ሻጭ ገዢውን «ራስህ ጥለኸው ነው» ይላል። ዳውላው ይደበደባል፤ አህያው ሌላ ጭነት ይዞ መንገድ ገብቷል። ለአህያው ደግሞ ቀን ይቆጠርለታል። የአየር ማጓጓዣን በሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ በአየር የመጣ ጭነት ላይ የደረሰ ጉዳት ከርክክብ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተገለጸ አጓጓዡ ነጻ ነው። በባሕር ደግሞ የሄግ ቪዝቢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመርከብ ጭነት ደንብ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። በ3 ቀን የሚደረገውማ ስድብ መለዋወጥ ነው!

«ኢንሹራንስ ነበረው» የሚሉትም አሉ። ምን ዓይነት? በኢንኮተርምስ 2020፣ ማለትም በዓለም አቀፍ የንግድ ውል ደንቦች፣ ሲአይኤፍ ብሎ (ኢንሹራንሱንና የመርከብ ማጓጓዣውን ራሱ ችሎ) የሸጠ ሰው የመግዛት ግዴታ ያለበት ዝቅተኛውን ሽፋን፣ «ሲ» የሚባለውን ነው። «ሲ» መርከብ ሲሰምጥ፣ ሲጋጭ፣ ሲቃጠል ይደርሳል። ጫኝ ወርውሮ ለሰበረው ሰሃን አይደርስም። እሱን የሚሸፍነው ሰፊው ሽፋን፣ «ኤ» ነው፤ «ኤ»ም ቢሆን እሽጉ ደካማ ከነበረ ፊቱን ያዞራል። ላም አለኝ በሰማይ!

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን «ኢንሹራንስ ስላልጨመርክ አንተው ቻለው» የሚል ሻጭ ነው። ኢንሹራንስ የሚጠብቀው አደጋውን የተሸከመውን ወገን ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2011 የሸማቾች መመሪያ፣ አጓጓዡን ራሱ ሸማቹ ካልመረጠው በቀር፣ ዕቃው እጁ እስኪገባ አደጋውን በሻጩ ላይ ይጥለዋል። እንዲህ ባለበት ገዢን አረቦን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) ማስከፈል ማለት የራስን ጃንጥላ በጎረቤት ኪስ መግዛት ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጎረቤትን ውጭ ማቆም። ጨዋ ሻጭ ለገዢው መጀመሪያ ይመልሳል ወይም ይተካል፣ ከአጓጓዡ ጋር ቆይቶ ይከራከራል፤ ውሉን የተዋዋለው እሱ ነውና። ገዢም ገንዘቡንም ዕቃውንም አያስቀርም።

ካርቶኑን ረሳነው። ሲረከቡ «በመልካም ሁኔታ» የሚለው ላይ ከመፈረም በፊት «ካርቶኑ ተጨፍልቋል፣ ውስጡ አልታየም» ብሎ መጻፍ። ከዚያ ስድስቱንም ጎን፣ የአድራሻውን ወረቀት፣ መከታውን፣ በመጨረሻ ስብርባሪውን ፎቶ ማንሳት። መርማሪ መጥቶ እስኪያይ፣ ጥያቄው እስኪዘጋ ምንም አለመጣል። ያጣብባል፣ አዎ። አልጋ ሥር ይግባ።