ደራሲ ለመሆን በዓመት 30 ምናምን ዶላር

ነገሩ የጀመረው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ዲሲ የማታ ሽፍት ፓርኪንግ የሠራ ሀበሻ ያውቀዋል፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚገባም የሚወጣም መኪና የለም፣ አንተና ሂተርህ ብቻ ናችሁ፣ እና እዛች ቁም ሳጥን የምታክል ቡዝ ውስጥ ተቀምጠህ ወይ ለነርሲንግ ፈተና ታጠናለህ ወይ ዩቲዩብ ላይ ፖለቲካ ትሰማለህ ወይ ደግሞ ደራሲ ነኝ ብለህ ታስባለህ። እኔ ሦስተኛው ነኝ። ልቦለድ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ምዕራፍ አንድ ላይ ነው፣ ዋናው ገጸ ባህሪ እስካሁን ከአልጋው አልተነሳም።

አንድ ሌሊት አንዱ ደንበኛ መጽሔት ረስቶ ሄደ። ገለጥ ሳደርገው ለጀማሪ ደራሲዎች የሚታተም ነው፣ እንዲህ ዓይነት መጽሔት መኖሩንም ያኔ ነው ያወቅኩት። ከመሃሉ አንዲት ካርድ ዱብ አለች፤ ስምህን ሙላ፣ ክፍያው በኋላ፣ በዓመት 30 ምናምን ዶላር፣ በወር ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ። ሞላኋት። እውነቴን ነው የምላችሁ ስሜን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መጽሐፌን ለአንባቢ የምፈርም ነው የመሰለኝ።

ሚስቴ ግን ሁሌም እንዲህ ናት።

"ለመጻፍ እስክሪብቶና ደብተር አይበቃም እንዴ?"

"ስልቱን እኮ ነው የሚያስተምሩት።"

"እሺ፣ ስልቱ በፖስታ ሲመጣ ጥራኝ።"

መቼም እነዚህ ሰዎች በጉዳዩ ቆይተውበታል። ዘ ራይተር የሚባለው መጽሔት ቦስተን ላይ የጀመረው በፈረንጅ ኤፕሪል 1887 ነው፣ በእኛ 1879 ማለት ነው፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ እዛ ማዶ ለጀማሪ ደራሲ ምክር እየታተመ ይሸጥ ነበር። ራይተርስ ዳይጀስት ደግሞ በ1920 ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ላይ ተከተለ። ምክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተሰጥቶ አለማለቁ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፣ መድኃኒቱ የሚያድን ቢሆን በሽተኛው አንድ ቀን እንኳ ቀነስ አይልም?

የኔው መጽሔት (ስሙ ይቅር) በመጀመሪያው እትም ልቦለድህን በአየር ጠባይ አትጀምር አለኝ። የኔ የሚጀምረው በዝናብ ነው፣ ሰረዝኩት። በሦስተኛው እትም ስለ አየር ጠባይ ጥቅም ስድስት ገጽ ይዞ መጣ፣ ዝናቡን መለስኩት። በአምስተኛው ደግሞ ገጸ ባህሪህን ከእንቅልፍ በመቀስቀስ አትጀምር ይላል፣ ይሄ እንኳን እኔን አይመለከትም፣ የኔው አልተነሳም ብያችኋለሁ። አትናገር አሳይ የምትለዋ ምክር ደግሞ በየእትሙ አለች፣ እንደ ሽንኩርት ሁሉም ውስጥ ትገባለች። እናቴ የጎረቤት ነገር ስታወራ ሴትዮዋ እንዴት እየተሽኮረመመች እንዳለፈች ከቡናው ተነስታ በእግሯ ሄዳ ነው የምታሳይህ፣ ሰብስክራይብ አላደረገችም።

የቅኔ ተማሪን ደግሞ አስቡት። ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋ ታግሎ፣ ጫካ ገብቶ ብቻውን ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም እዛው በዛው ያርሙታል ወይ ያባርሩታል፣ አለቀ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፣ እሷኑ ለማቅናት ስንቱ ፀሐይ ይመታዋል፣ ነገ ደግሞ የዛሬዋን ደግሞ ማቅረብ የለም፣ አዲስ ይዞ መምጣት ነው። እኔ አንዲት አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ ቀባጥሬ መጽሔቱ ላይ አድራሻውን ላየሁት ቦታ ላክኩ፣ የማንበቢያ ብለው 3 ዶላር ተቀበሉኝ፣ ስድስት ወር ቆይቶ ስላሰቡን እናመሰግናለን የሚል ሁለት መስመር መጣ። የኔታ እኮ በነጻ ነው የሚሰድቡት!

ግን ዋናውን ነገር የነገረኝ ጽሑፉ ሳይሆን ማስታወቂያው ነው። አንድ እትም ይዤ እስክሪብቶ አንስቼ አየሁት፣ የሁለት ዓመት ማስተርስ አለ፣ ሐይቅ ዳር ሳምንት ተቀምጠህ የምትጽፍበት ቤት አለ፣ መግቢያው 25 ዶላር የሆነ ውድድር አለ፣ በቃል እየቆጠረ የሚያስከፍል ኤዲተር አለ፣ ሶፍትዌር አለ። የጻፍከውን ልግዛህ የሚል አንድ እንኳን የለም። ትዝ ያለኝ ዲቪ ሰሞን የሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ነው። ፎርሙ ያኔ ነጻ ነው፣ ባለ ቤቱ ግን ለመሙያ፣ ለፎቶ፣ ጆሮህ ይታያል አይታይም ብሎ ለማየት ሳይቀር ያስከፍላል፣ ሰልፉ ዳቦ ቤቱ ድረስ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በየዓመቱ ሲሞላ ኖረ፣ ለእኔ ደረሰኝና መጥቼ ፓርኪንግ ቆምኩ፣ እሱ እዛው ቁጭ ብሎ ፎቅ ሠራ።

ምንም አልጠቀመኝም ካልኩ ግን እዋሻለሁ። ፊደሉ 12 ይሁን፣ መስመሩ ሰፋ ይበል፣ ዳርና ዳሩ ይተው፣ ይሄን ተምሬያለሁ። ኤጀንት፣ ማለትም ድርሰትህን ይዞ አሳታሚ የሚፈልግልህ ደላላ፣ እንዴት እንደሚለመንም አራት ገጽ አንብቤ ታሪኬን በሦስት ዓረፍተ ነገር አጠናሁና አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ደወልኩ፣ አማርኛ ልቦለድ ኤጀንት ከየት ይመጣል ብዬ ነው። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፣ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሰማኝ።

"ስንት ገጽ ነው ወንድሜ?"

"አስራ አንድ። እየጨመረ ነው።"

"ስንት ኮፒ? ወረቀት ጨምሯል፣ ቀብድ ይቀድማል።"

በጭብጡ፣ በግጭቱ፣ በገጸ ባህሪው ስሜት ላይ አንድም ጥያቄ አልነበረውም።

ኡበር የሚነዳ ጓደኛዬ ገንዘብህን ነው የምትጥለው አለኝ፣ የላይብረሪ ካርድ ብታወጣ ስንቱን መጽሔት በስልክህ በነጻ ታነባለህ። እውነቱን ነው፣ ግን በነጻ ሲሆን ደራሲ የሆንክ አይመስልህም፣ ከመብራትና ከኢንሹራንስ ቢል መሃል በስምህ የመጣ መጽሔት ስታወጣ ጎረቤት ቢያይህ ራሱ ሌላ ነው። እንዲህ ተከራክረን ስንለያይ "ለማንኛውም ያነበብከውን አትጣለው፣ ስጠኝ" አለኝ። ለካ እሱም ልቦለድ አለው! ከእሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ የምትሠራ አንዲት ልጅ ወሰደች፣ ከእሷ አንድ ዲያቆን። አሁን በእኔ ክፍያ አራት ሰው ልቦለድ አይጽፍም።

ሰሞኑን ደግሞ የእድሳት ደብዳቤ ይጎርፋል፣ ጊዜው ሊያልቅ ገና አምስት ወር ሲቀረው ነው የጀመሩት፣ የመጨረሻ ማስታወቂያ የሚለው ብቻ አራት ጊዜ ደርሶኛል። ምዕራፍ አንዴን እስካሁን እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ ሰው የለም። አራታችን ልጅቷ ካፌ ተሰብስበን ማኪያቷችንን ይዘን ተመካከርን፣ እናቁም ያለም ነበር፣ በኋላ ዲያቆኑ ካርዷን ገልብጦ ሲያያት የሁለት ዓመቱ ቅናሽ አለው። ለአራት ሲካፈል በወር ለየአንዳንዳችን ዶላርም አይሞላ፣ እውነትም ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ። ደግሞም በሚቀጥለው እትም የልቦለድን የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ መጨረስ ሰፊ ነገር አለ ይላል። እሱን ሳላነብ አሁን ሰውዬውን ከአልጋው ባስነሳው ስህተት ነው የሚሆነው።