ማታ ተሳድቦ ጠዋት መሰላል መዋስ

በትልቅ ከተማ በስልክ መሳደብ ብዙ ወጪ የለውም፤ ተሳዳቢውና ተሰዳቢው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተያዩ ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። በትንሽ ከተማ ግን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በሰፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ «አንተ ብሎ ለመንገድ መብራት ተቆርቋሪ!» የተባሉት ሰው፣ ሲነጋ ጣሪያው ያፈሰሰበት ተሳዳቢ ረጅም መሰላል ያለው ማን እንደሆነ ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚሉት ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ ማታ «አንተ» ሲባሉ ያመሹት ጠዋት «እንደምን አደሩ?» ይባላሉ፤ እርሳቸውም መሰላሉን ያወጣሉ፤ ሁለቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው ስለ ዝናቡ እያወሩ ይሄዳሉ። ስለ መብራቱ ለመነጋገር እንደገና እስኪመሽ ይጠብቃሉ።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሱለር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ፊት ለፊት የማይደፍረውን በበይነ መረብ የሚደፍርባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ማንነት አለመታወቁን፣ ገጽታ አለመታየቱንና መልስ ወዲያው አለመድረሱን ጠቅሷል። ትንተናው መልካም ነው፤ ለትንሽ ከተማ ነዋሪ የሚያገለግለው ግን በከፊል ብቻ ነው። ስሙን «የእውነት ድምፅ» ብሎ የጽጌረዳ ሥዕል የለጠፈው ጀግና በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ይታወቃል፤ በየሐሳቡ መጨረሻ አራት ቃለ አጋኖ የሚደረድር ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነውና። አለመታየቱም ቢሆን የሚጸናው እስከ ንጋት ነው።

የጠቡ አወላለድ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። አንዲት እመቤት «ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ውሻ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ባለ ውሻውም እንደሚያውቁ ያውቃል፤ የቀሩት አባላትም የሚሆነውን ለማየት ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ይሰካሉ። ባለ ውሻው «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ብሎ ይመልሳል። ከልቡ ነው ወይስ በሽሙጥ? እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የጀስቲን ክሩገርና የባልደረቦቹ ጥናት ይህንኑ ፈትሾ ነበር፤ በኢሜይል ሽሙጥና ቁም ነገር የጻፉት ሰዎች አንባቢያቸው በደንብ እንደሚለይላቸው ተማምነው ሳለ፣ አንባቢዎቹ ያስመዘገቡት ውጤት ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም ያልተሻለ ነበር። የእመቤቲቱ ሳንቲም ደግሞ ሁልጊዜ የሚወድቀው በሽሙጥ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ውሻው ይረሳል፤ ነገሩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ወሰኑ፣ ከወሰኑም ወሰኑን ወደ ለኩት ሟች አባት ይሸጋገራል። አድሚኑ በመካከል አበባ ያለበት «መልካም ምሽት» ይልካል። ውሻው በዚህ ሰዓት ተኝቷል።

በእንዲህ ያለ ምሽት ደግ ጎረቤት መሆን የሚፈልጉ ሰዎች አይጠፉም፤ ችግሩ አብዛኞቹ ደግነታቸውን እዚያው ግሩፕ ውስጥ ሊያሳዩት መፈለጋቸው ነው። አንዱ ለተሳዳቢውም ለተሰዳቢውም እኩል የልብ ምልክት እየሰጠ ፍትሕ ያሰፈነ ይመስለዋል። ሌላዋ «እባካችሁ እንከባበር» የሚል ረጅም ምክር ትጽፍና ምክሯን ያልተቀበለውን ሁሉ ባለጌ ትለዋለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን አዛኙ ነው። አዛኙ ሰላም ፈልገው ከግሩፑ የወጡትን ሰው ማታውኑ ፈልጎ ያገኛቸዋል፤ «እርስዎ ባይሰሙት ይሻል ነበር፤ ግን ለእርስዎ ብዬ ነው» ይልና ስክሪንሾቱን በተርታ ይልክላቸዋል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት በዋትስአፕ ዘመን ሊሻር ተቃርቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የላኩትን መልእክት ከሁሉም ስልክ ላይ ማጥፋት ተችሏልና። ተረቱን ከሞት ያተረፈው አዛኙ ነው፤ ተሳዳቢው ተጸጽቶ ያጠፋውን ስድብ እርሱ በክብር አስቀምጦታል።

የእውነተኛው ደግ ጎረቤት ሙያ ግን አለማየት ነው። ሁሉን አንብቧል፤ ማን ማንን ምን እንዳለው ከነሰዓቱ ያውቃል፤ ሲጠየቅ ግን «ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር» ይላል። ይህን ውሸት የሚነቅፍ የግብረ ገብ መምህር ካለ፣ በትንሽ ከተማ ኖሮ የማያውቅ መሆን አለበት። ቴክኖሎጂውም ለዚህ ሰው አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጡት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ማንበቡን አጋለጡበት፤ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ከግሩፕ ሳይታወጅ መውጣትን እስኪፈቅድ ድረስም መውጫው ዝግ ነበር፤ የወጣ ሰው መውጣቱ ለአባላቱ ሁሉ ይነገር ስለነበር፣ ለምን ወጣ በሚል ሌላ ጠብ ይነሣ ነበርና። አሁን መውጣቱ የሚነገረው ለአድሚኑ ብቻ ነው። አድሚኑ ደግሞ የአዛኙ ወንድም ነው።

የዚህ ሰው ደግነት አብዛኛው ባልተላከ መልእክት ውስጥ ያለ ስለሆነ ለዓይን አይሞላም። የጎረቤቱን በር ሌሊት ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ገፋ አድርጎ ይዘጋዋል እንጂ ፎቶ አንሥቶ «ይህ በር የማን ነው?» አይልም። ስለ ውሻው የሚናገረው ነገር ካለ ባለቤቱን ደጁ ላይ አግኝቶ ይናገራል፤ ደጅ ላይ ቃለ አጋኖ መደርደር አይቻልም፤ የሰውየው ትንሽ ልጅ አጠገቡ ቆማለች፤ ውሻውም ጅራቱን እየቆላ ነው። ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ግሩፑም ምሽቱን ሙሉ ሊያነታርከው የሚችል ጉዳይ እንደተነጠቀ ሳያውቅ ይቀራል።

ይህም ሆኖ ሰውየው ከሐሜት አያመልጥም። አንድ ምሽት ጠብ ጠፍቶ ግሩፑ ጭር ሲል፣ «እያነበቡ የማይጽፉ ሰዎች ምን እያሰቡ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስም ባይጠራም ለማን እንደተባለ ሁሉም ያውቃል። ባለ ውሻው «ዝምታም አቋም ነው» ይላል፤ እመቤቲቱ «በትክክል!» ይሉታል፤ የእውነት ድምፅ አራት ቃለ አጋኖውን ይጨምራል፤ በአጥር ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉት ሁለት ቤተሰቦች የልብ ምልክት ይለዋወጣሉ። አድሚኑ እንደ ልማዱ አበባውን ሲልክም፣ ግሩፑ ከተመሠረተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አባላቱ በሙሉ «መልካም ምሽት» ብለው ይመልሱለታል።